ብሉ ጄይ ፊደሩን ወረረችው፣ ትባረር ወይስ ትተው?

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ
ሰላም ለዚህ ቤት። የወፍ ነገር የሚገባው ሰው ካለ ትንሽ ልጠይቅ። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ስራ ስንሄድ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስለምትውል እንዳይደብራት ብዬ ከበረንዳው ፊት ለፊት የወፍ መመገቢያ (ፊደር) ሰቀልኩላት፣ ሱፍና ኦቾሎኒ ነው ማደርግበት። መጀመሪያ ደስ ሲል፣ ቀያዮቹ ካርዲናሎች፣ ድንቢጦች፣ እርግብ ምናምን እየመጡ በሰላም ይበሉ ነበር። አሁን ግን ሰማያዊ ባለ ቁንጮ ወፍ፣ ብሉ ጄይ ነው ሚሏት፣ ከነጓደኞቿ መጥታ ሁሉንም ታባርራለች። እሱስ ይሁን፣ ሚገርመኝ አመጣጧ ነው። ገና ከዛፉ ሳትወርድ ልክ እንደ ጭልፊት ትጮሃለች፣ ትንንሾቹ ብን ብለው ይጠፋሉ፣ ቀና ብዬ ሰማይ ሳይ ጭልፊት ሚባል የለም፣ ከዛ እሷ ዘና ብላ ወርዳ ትበላለች። አጠገባችን ያሉት ሽማግሌ አሜሪካዊ ደግሞ እነዚህ ሌቦች ናቸው፣ የሌላ ወፍ እንቁላልና ጫጩት ነው ሚበሉት፣ ኦቾሎኒውን አንሺና ይሂዱ አሉኝ። እማዬ "ወሮበላዋ መጣች" እያለች ትስቃለች እንጂ እንድትባረርባት አትፈልግም። እውነት ሌባ ናት? ደግሞስ እንደ ጭልፊት ምትጮኸው አውቃ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያጋነንኩት?

ዳላስ_ነኝ
ሃሃሃሃ ይቺማ ወያላ ናት በያት፣ ጮሃ ተሳፋሪውን አስወርዳ ራሷ ጋቢና ምትቀመጥ

ጋሽ_ባይኖክላር
ማሂ ልጄ ምንም አላጋነንሽም። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ስራዬ ይሄ ሆኗል። ብሉ ጄይ የጭልፊት ድምፅ አስመስላ ትጮሃለች፣ በተለይ ሬድ ሾልደርድ ሆክ የሚሉትን፣ እሱ በእኛ አካባቢ ብዙ ነው፣ ድምፁም "ኪያ ኪያ ኪያ" እያለ እየወረደ የሚሄድ ነው። ቀይ ጅራቱን ሬድ ቴይልድንም ትኮርጃለች። ለምን እንደምታደርገው አጥኚዎቹ ዘንድ ሁለት ሐሳብ አለ፣ አንዱ ለዘመዶቿ "ጭልፊት አካባቢው ላይ አለ" ብላ ለመንገር ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ አንቺ ያልሽውን ነው፣ ሌሎቹን አስደንግጣ ማዕዱን ለብቻዋ ለመያዝ። እኔ በበኩሌ ሁለቱም አለበት ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ማንም በሌለበት ብቻዋን ዛፍ ላይ ሆና ስትጮህም እሰማታለሁ፣ ያኔ ማንን ልታታልል ነው? እውነተኛ ጭልፊት ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ጄዮቹ ከየአቅጣጫው ተጠራርተው ይመጡና ከበው "ጄይ! ጄይ! ጄይ!" እያሉ እስኪሄድ ድረስ ያዋክቡታል። ቀን ተኝቶ ያገኙት ጉጉት ካለማ ወዮለት። ያን ጊዜ ትንንሾቹ ወፎችም ይጠቀማሉ፣ የሰፈሩ ዘብ እሷ ናት።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእናትሽም ንገሪያቸው ይወዱታል፣ ቁንጮዋን ይመልከቱ። ቁንጮዋ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይ ተናዳለች ወይ ልትጣላ ነው። ከቤተሰቧ ጋር ተረጋግታ ስትበላ ግን ቁንጮው ከጭንቅላቷ ጋር ልጥፍ ይላል፣ ቁንጮ ያላት አይመስልም። እና ባለ ልጣጩን ኦቾሎኒ ስጧት። አንዱን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሌላውን ታነሳለች፣ ቀለል ያለውን ትታ ከበድ ያለውን ትመርጣለች፣ ከዛ ቅርንጫፍ ላይ ሄዳ በሁለት እግሯ መሃል አጣብቃ በመንቁሯ እየቀጠቀጠች ትሰብረዋለች። እሱን ማየት ብቻ ግማሽ ቀን ያስውላል።

እንቁላል ትበላለች ወይ? አዎ ትበላለች፣ አልዋሽሽም። ግን ስሟ ከስራዋ በላይ ነው የጠፋው። ኦዱቦን የሚባለው ሰዓሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሶስት ብሉ ጄዮች የሌላ ወፍ እንቁላል ሲዘርፉ አድርጎ ሳላቸውና ያ ምስል እስከዛሬ አለቀቃቸውም። ሆዳቸው ተከፍቶ በሰፊው ሲጠና ግን እንቁላል ወይ የወፍ ስጋ የተገኘባቸው ወደ 1 ፐርሰንት ቢሆኑ ነው። የቀረው ነፍሳት፣ አባጨጓሬ፣ ለውዝ ነክ ነገርና የዛፍ ፍሬ ነው።

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ!! ቁንጮውን ለእማዬ ነገርኳት፣ አሁን መስኮቱ ላይ ተተክላ "ቆመ፣ ወደቀ" እያለች ሪፖርት እያደረገች ነው 😂

ቢኒ_ላብ
ጋሽ ባይኖክላርን አከብራቸዋለሁ ግን እቺን 1 ፐርሰንት ነገር በጥንቃቄ ብንይዛት። የሆድ ጥናት ትልቅ ድክመት አለው፣ እንቁላል ፈሳሽ ነው፣ አዲስ የተፈለፈለ ጫጩትም ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይፈጫል፣ የጥንዚዛ ቅርፊትና ኦክ የሚባለው ትልቅ ዛፍ ፍሬ ግን ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ስለዚህ ሆድ ከፍተህ ስታይ ዘረፋው ከሆነው በታች ሆኖ ነው ሚታይህ። ደግሞም እንቁላል ሚገኘው በመራቢያ ወራት ብቻ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የተሰበሰበ ሆድ ላይ አማካይ ብታወጣ ቁጥሩ ይወርዳል። ጎጆ ላይ ካሜራ ተተክሎ ብሉ ጄይ ስትሰርቅ የተቀረፀችበት ብዙ ነው። በተለይ ደን ተቆራርጦ ቤት የተሰራበት ቦታ፣ ማለትም ልክ እንደ ማሂ ሰፈር፣ ለሷ ገነት ነው፣ ጫፍ ጫፉን ትወዳለች፣ ፊደር አለ፣ ኦክ አለ፣ የሌሎቹ ጎጆ ደግሞ ተጋልጧል። ጥሩ ወፍ ናት አልጠላትም ግን መልአክ አናድርጋት።

ጋሽ_ባይኖክላር
ቢኒ ልክ ብለሃል፣ መልአክ አላልኩም። ነገር ግን ሂሳቡ ሲሰራ ሁለቱም ወገን ይጻፍ ነው ምለው። የሰረቀችው ከተቆጠረ የተከለችውም ይቆጠር።

የተከለችው ስል ቀልድ አይደለም። እዚሁ ቨርጂኒያ ብላክስበርግ ላይ የተሰራና በ1981 የታተመ ጥናት አለ። 11 ፒን ኦክ ዛፎች፣ ወደ 50 ብሉ ጄዮች፣ 28 ቀን። በዛች ጊዜ ውስጥ ጄዮቹ ወደ 133 ሺህ የኦክ ፍሬ ከዛፎቹ ወስደው ቀበሩ፣ ይሄ ዛፎቹ በዛ ዓመት ካፈሩት 54 ፐርሰንት ነው። ለአንዳንዷ ብታካፍለው ወደ 2,660 ፍሬ ይደርሳታል። የወሰዱበት ርቀት በአማካይ 1.1 ኪሎሜትር ነው፣ እስከ 1.9 ኪሎሜትር የሄደም አለ። ስኩዊረል፣ ያ ዛፍ ላይ ሚሮጠው ባለ ጎፈር ጅራት እንስሳ፣ ይሄን አያደርግም፣ እሱ እዛው ዛፉ አካባቢ ነው ሚቀብረው።

እንዴት ትሸከመዋለች ካላችሁ ጉሮሮዋ ይለጠጣል። ሁለት ሶስቱን ትውጥና ጉሮሮዋ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ አንድ አፏ ውስጥ፣ የመጨረሻዋን ደግሞ መንቁሯ ጫፍ ላይ ትነክስና ትበራለች፣ በአንድ ጉዞ እስከ አምስት ማለት ነው። በመስከረምና በጥቅምት አንገቷ አብጦ ስትበር ካያችሁ የታመመች እንዳይመስላችሁ፣ ጭነት ነው። ቦታዋ ስትደርስ ሁሉንም አንድ ላይ ትተፋና እየዞረች አንድ በአንድ ትቀብራለች፣ በመንቁሯ መሬት ውስጥ ትወትፋለች፣ መታ መታ ታደርጋለች፣ ላዩ ላይ ቅጠል ወይ ጠጠር ጣል ታደርግበትና ትሄዳለች። ደግሞ መርጣ ነው ምትቀብረው፣ ነቀዝ የበላው ፍሬ ስለሚቀል ትጥለዋለች። ክረምቱን ብዙውን መልሳ ትበላዋለች፣ ያላነሳችው ይበቅላል።

በረዶ ዘመን ሲያበቃ ኦክ ወደ ሰሜን የተስፋፋበት ፍጥነት ከባድ እንቆቅልሽ ነበር። ከሐይቅ ስር የወጣ የአበባ ብናኝ ሲጠና ዛፉ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር እንደተጓዘ ያሳያል፣ ክብ ከባድ ፍሬ ደግሞ በነፋስ አይሄድም። በ1989 ጆንሰንና ዌብ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይሄን ስራ የሰራችው ብሉ ጄይ ናት ብለው ጻፉ። እኔን አሳምኖኛል።

የአትላንታ_እናት
ኧረ እንዲህ ነው እንዴ!! ወይ ጉድ። እኔ በየፀደዩ በጤና አዳሜ ማሰሮ ውስጥና በበሶብላዬ መሃል ኦክ እየበቀለብኝ ማን ነው ይሄን ሚተክልብኝ እያልኩ ነበር። ባለቤቴ ነፋስ ነው ይለኛል፣ እንዴት አድርጎ ነው ነፋስ እንደዛ የሚያክል ፍሬ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሚያወጣው? ለስላሳ አፈር ታገኛለች መሰለኝ እንደኔ ማሰሮ። ስነቅለው ከስሩ ፍሬው ገና እንደተጣበቀ ነው ሚወጣው።

ጋሽ_ባይኖክላር
እሜቴ ስኩዊረልም ማሰሮ ይወዳል፣ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ያው ማሰሮው አጠገብ የሚያፈራ ኦክ ከሌለ ግን ጣቴን ወደ ጄይዋ ነው ምቀስረው። አፈሩ ላይ ሰፋ ያለ ወንፊት ሽቦ ብታደርጉበት ይተዉታል።

ዝምተኛው_አንባቢ
እንግዲህ የቁራ ዘመድ ናት ሲባል ሰምቻለሁ፣ ከሆነ አይገርምም፣ "የቁራ መልእክተኛ" ወጥታ ትቀራለች፣ ይቺ ደግሞ ቀብራ ትቀራለች 😄 የረሳችውን ነው ደን ሚሉት

ቢኒ_ላብ
አዎ ከነቁራ ቤተሰብ ናት፣ ጭንቅላቷም የዛው ነው። በ1973 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ስራ አለ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ያደገች ብሉ ጄይ ከምትኖርበት የሽቦ ቤት ስር የተነጠፈውን ጋዜጣ ቀዳ ቀዳ እያጣጠፈች በሽቦው ቀዳዳ አሾልካ ከውጪ የቀረውን ምግብ ወደ ራሷ እየጠረገች ታስገባ ነበር። ማንም አላስተማራትም።

ሌላ ደግሞ የሞናርክ ቢራቢሮ ጉዳይ አለ፣ ብርቱካናማ ጥቁር ክንፉን ታውቁታላችሁ። የሱ ትል ሚልክዊድ ሚባል መርዛማ ተክል ነው ሚበላው፣ መርዙ ሰውነቱ ውስጥ ይቀመጣል። ሊንከን ብራወር ሚባለው ሰውዬ በ1960ዎቹ ቢራቢሮውን በልታ የማታውቅ ብሉ ጄይ ፊት አቀረበላት፣ በላች፣ ትንሽ ቆይታ ላባዋን ነፍታ አስታወከች። ከዛ በኋላ ያን ቀለም ገና ስታይ ዞር ትላለች። የዚች ስታስመልስ የተነሳችው ፎቶ ባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ምስኪን በዚህ ነው ታሪክ የሰራችው።

ሶስና_ሲያትል
እኛም ጋ ሞልታለች ግን የኛዋ ጭንቅላቷና ደረቷ ጥቁር ነው፣ ነጭ ሚባል የላትም፣ ያው ጩኸቱ ግን ያው ነው። ወንድ ትሆን እንዴ?

ጋሽ_ባይኖክላር
አይደለም ሶስና፣ ያንቺዋ ሌላ ዝርያ ናት፣ ስቴለርስ ጄይ ትባላለች፣ የምዕራቡ ተራራና የጥድ ደን ወፍ ናት። ብሉ ጄይ ከሮኪ ተራሮች በስተምስራቅ ያለችዋ ናት፣ ነጭ ፊት፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ሐብል፣ ክንፏና ጅራቷ ላይ ነጭና ጥቁር ዥንጉርጉር። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ቁንጮ የሌላትን ሰማያዊና ግራጫ ታያላችሁ፣ እሷ ስክረብ ጄይ ናት። ዴንቨር ያለ ሰው ዕድለኛ ነው፣ ከተማው ውስጥ ብሉ ጄይ፣ ወደ ተራራው ወጣ ሲል ስቴለርስ። ወንድና ሴቷን ግን በዓይን መለየት አትችይም፣ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ቶሮንቶ_ምዕራብ
እኔ ርዕሱን ሳይ ብሉ ጄይስ ስለሚባለው የቶሮንቶ ቤዝቦል ቡድናችን መስሎኝ ነበር ዘልዬ የገባሁት 😭 2025 ላይ ዶጀርስ ያደረጉንን አታስታውሱኝ፣ ሰባተኛው ጨዋታ... 1992 እና 1993 ዋንጫ ወስደናል፣ በቃ በሱ እየተፅናናን ነው። ለማንኛውም እውነተኛዋም እዚህ አለች፣ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ላይ ቁጭ ብላ።

ነብዩ_ሚኒ
ክረምቱን ሙሉ ስትል አስታወስከኝ። ሚኔሶታ ዱሉት ከተማ ሆክ ሪጅ ሚባል ኮረብታ አለ፣ በመስከረም ሰዉ ጭልፊት ሲያልፍ ለማየት ነው ሚሄደው፣ እኔ ከስራ ባልደረባዬ ጋር ሄጄ ያየሁት ግን ብሉ ጄይ ነው። በሺህ ነው ሚያልፉት በአንድ ቀን፣ ትልቁን የሱፒሪየር ሐይቅ ማቋረጥ ስለማይወዱ ዳር ዳሩን ይዘው፣ በዝምታ፣ ተራ በተራ እየተከታተሉ፣ ያቺ ጯሂ ወፍ ናት ብላችሁ አታምኑም ድምፅ የላቸውም። ያ ሁሉ ወደ ደቡብ እየሄደ እኔ ቤት ግን ጥር ላይም ፊደሬ ላይ አለች፣ ታድያ ማን ነው ሚሄደው ማን ነው ሚቀረው?

ቢኒ_ላብ
ቆንጆ ጥያቄ ነው፣ ሰው እስካሁን ሚጨቃጨቅበት። አብዛኞቹ ባሉበት ነው ሚከርሙት፣ ሚሰደዱት ጥቂቶቹ ናቸው። ወጣቶቹ በዛ ይላሉ ይባላል ግን ትልልቆቹም ይሄዳሉ፣ ሚገርመው አንዷ ወፍ አንድ ዓመት ሄዳ በሚቀጥለው ዓመት ቀርታ በሶስተኛው መልሳ ልትሄድ ትችላለች። የኦክ ፍሬ በጠፋበት ዓመት ጉዞው ይበዛል ሚለው ለኔ ያሳምነኛል። ደግሞ ብዙ ትንንሽ ወፍ ሌሊት ነው ሚጓዘው እነሱ ግን ቀን ነው፣ ለዛ ነው ልታያቸው የቻልከው። ጥር ላይ ፊደርህ ላይ ያለችው የበጋዋ ላትሆን ትችላለች፣ ከካናዳ የወረደች እንግዳ ልትሆን ትችላለች።

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ
ኧረ ቤቱ ሞቀ እኮ፣ ስራ ላይ ሆኜ እያነበብኩ ነው። ትንሽ ነገር ደግሞ ልጠይቅ፣ ልጄ ጓሮ የወደቀ ላባ አገኘ፣ እንዴት ያምራል መሰላችሁ ሰማያዊው ላይ ጥቁር መስመር መስመር አለው፣ ትምህርት ቤት ልውሰደው ይላል። ንፁህ ነው? በሽታ ምናምን የለውም?

ቢኒ_ላብ
በሽታውን እጁን ይታጠብ በቃ። ግን ህግ አለ፣ በ1918 የወጣ የስደተኛ ወፎች ስምምነት ህግ ሚሉት፣ ብሉ ጄይም ካርዲናልም ድንቢጥም (ከአውሮፓ የመጣችዋ የቤት ድንቢጥ ስትቀር) ላባ፣ እንቁላል፣ ጎጆ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው፣ የወደቀ ይሁን የተነቀለ ልዩነት የለውም። ያኔ የሴቶች ባርኔጣ በወፍ ላባ ማስጌጥ ፋሽን ሆኖ ወፉ ሊያልቅ ስለነበረ ነው። ልጅ አንድ ላባ አነሳ ብሎ ፖሊስ አይመጣም ግን ትምህርት ቤት አይውሰደው፣ ፎቶ አንስቶ ላባውን ካገኘበት ይተወው።

ከመተዉ በፊት ግን ይሄን አሳዪው። ላባው ፊት ለፊት ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊ ነው አይደል፣ አሁን ወደ መስኮት ያዢውና ከጀርባው በሚመጣ ብርሃን እዪው፣ ሰማያዊው ይጠፋና ቡናማ ይሆናል። ውስጡ ሰማያዊ ቀለም የለውም እኮ! ያለው ሜላኒን ነው፣ የኛን ፀጉር የሚያጠቁረው ያው። ሰማያዊውን ሚፈጥረው የላባው ውስጥ ያለ በጣም ደቃቅ የአየር ክፍተት ነው፣ ብርሃኑን በትኖ ሰማያዊውን ብቻ መልሶ ይልክልሻል። ላባውን ብትደቁሺው ክፍተቱ ይፈርስና ቀለሙም አብሮ ይጠፋል።

የአትላንታ_እናት
አንድ ነገር ልጨምር፣ ነሐሴ ላይ አንዷ ራሷ ተመልጦ ጥቁር ቆዳ ብቻ ሆና መጣች፣ ቁንጮ የለ ምን የለ፣ ጥንብ አንሳ ነው ምትመስለው በእግዚአብሔር። በሽታ ነው ብዬ ፊደሩን አውርጄ በክሎሪን አጠብኩት። ምንድን ነበር?

ጋሽ_ባይኖክላር
ላባ ስትቀይር ነው። ከመራባት በኋላ በሐምሌና ነሐሴ ሁሉም ይቀይራሉ፣ አብዛኛው ወፍ በየተራ ሲቀይር ብሉ ጄይ ላይ ግን የጭንቅላታቸው ላባ ባንዴ የሚረግፍባቸው ብዙ ናቸው፣ ካርዲናልም እንደዛ ይሆናል። በሳምንት ውስጥ እሾህ የመሰለ አዲስ ላባ ብቅ ይላል። ፊደር ማጠብሽ ግን ይልመድብሽ፣ ሁሉም ሰው በየሁለት ሳምንቱ ቢያጥብ ጥሩ ነው።

በሽታ ካነሳሽ አይቀር እውነተኛው ዌስት ናይል ቫይረስ ነው። በ1999 ኒውዮርክ ገባና ቁራንና ብሉ ጄይን አረገፋቸው፣ በየመንገዱ የሞተ ቁራ ይለቀም ነበር ያኔ። ብሉ ጄይ በጥቂት ዓመት ውስጥ አገግማለች። ዕድሜ ካገኘች ደግሞ ረጅም ነው ምትኖረው፣ ኒውፋውንድላንድ በ1989 እግሯ ላይ መለያ ቀለበት የታሰረላት አንዷ በ2016 የዓሣ መረብ ውስጥ ሞታ ተገኘች፣ ቢያንስ 26 ዓመት ከ11 ወር። ያቺ አሮጊት መረቡ ባይዛት የት በደረሰች።

ዳላስ_ነኝ
ቴክሳስን አትርሱ እንጂ። ሳን አንቶኒዮ አካባቢ የአንዲት ሴትዮ ጓሮ ውስጥ ማንም ያላየው ዓይነት ወፍ መጣ፣ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው፣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይቶ 2023 ላይ ሄዶ ያዘው፣ ደሙ ሲመረመር አባቱ ብሉ ጄይ እናቱ ግሪን ጄይ! ግሪን ጄይ የሜክሲኮና የደቡብ ቴክሳስ ወፍ ናት፣ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ወደ ሰሜን ወጣች፣ ብሉ ጄይ ደግሞ ከምስራቅ ወደ ምዕራብ መጣች፣ ሳን አንቶኒዮ ላይ ተገናኙ። ዘራቸው ከተለያየ ቢያንስ 7 ሚሊዮን ዓመት ነው ይላሉ። 2025 ላይ ነው የታተመው። ፍቅር ድንበር የለውም በሉ።

ቦረና_ተወላጅ
የቁራ ቤተሰብ ካላችሁ የኛን አገር ዘመዷን ላንሳ። ያቤሎና ሜጋ አካባቢ ብቻ ምትገኝ፣ ሌላ የዓለም ክፍል የትም የሌለች የቁራ ዘመድ አለች፣ ስትሬስማንስ ቡሽክሮው ነው ፈረንጆቹ ሚሏት። ፈዛዛ ግራጫ ናት፣ ክንፏና ጅራቷ ጥቁር፣ ዓይኗ ዙሪያ ላባ የሌለው ደማቅ ሰማያዊ ቆዳ አላት። ግራር ላይ ትልቅ የእሾህ ጎጆ ትሰራለች፣ ከከብቱ ኋላ እየተከተለች ትል ትለቅማለች። የምትኖርበት ቦታ ሙቀቱ ከዙሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ጥቂት ዲግሪ ሲጨምር መኖር ያቅታታል። ብሉ ጄይ ምንም ቦታ ሄዳ ትኖራለች፣ ይቺ ግን መሄጃ የላትም። ያቤሎ ያደገ ሁሉ ያያታል፣ ብርቅ መሆኗን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ሶስና_ሲያትል
እቺን አላውቅም ነበር፣ ለብቻዋ ክር ክፈትላት በናትህ

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ
እሺ ወደ ጥያቄዬ መልሱኝ አሁን። አላባርራትም፣ ወስኛለሁ። ግን ትንንሾቹም ይብሉ፣ ካርዲናሎቹ ናፈቁኝ። ምን ላድርግ? ኦቾሎኒ ደግሞ ጨው ያለው ነው ሀበሻ ሱቅ ያለው፣ ይሆናል? ቆሎስ?

ጋሽ_ባይኖክላር
ጨው ያለው በፍፁም። ቆሎም አትስጪ፣ ጥሬ ወይም ያለ ጨው የተቆላ ኦቾሎኒ ከነልጣጩ ግዢ፣ የወፍ ምግብ ያለበት ሱቅ በኬሻ ይሸጣል። አሁን ሁለት ቦታ ክፈይው። ለጄዮቹ ጠፍጣፋ ትሪ የመሰለ ፊደር ከቤቱ ራቅ አድርገሽ ጓሮው ጥግ ላይ አድርጊ፣ ኦቾሎኒው እዛ ብቻ ይሁን። ለትንንሾቹ ደግሞ በሽቦ የታጠረ ቱቦ ፊደር አለ፣ ድንቢጥ ሚያሾልክ ጄይ ማያስገባ፣ ሱፉን እዛ ጨምሪ። ካርዲናል በሽቦው አያልፍም፣ ለሱ ሌላ ፊደር ለብቻው ስቀዪለት። ካርዲናል ንጋት ላይና ሲመሽ ነው መብላት ሚወደው፣ ያን ሰዓት ጠብቀሽ ሙዪለት። ደግሞ ጄይዋ ሁሉንም አታሸንፍም፣ ግራክል የሚባለው ጥቁር ወፍና ስኩዊረል ሲመጡ እሷ ናት ምትባረረው፣ እናትሽ ይታዘቧት።

ቢኒ_ላብ
እና ማሂ፣ ያ ጎረቤትሽ ለጫጩቶቹ ከተጨነቁ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፣ ድመት አላቸው? አሜሪካ ውስጥ ውጪ ሚውሉ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ ይገድላሉ ተብሎ 2013 ላይ ተገምቷል። ብሉ ጄይ መቼም እዚህ ቁጥር አጠገብ አትደርስም።

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ
ሁለት። ሁለቱም ውጪ ነው ሚውሉት 🙃

ዳላስ_ነኝ
ክሱ ይነሳ

ቢኒ_ላብ
አይነሳም፣ ይቀላቀል። ሁለቱም ተከሳሽ ናቸው ሃሃሃ

ሀና_ቦስተን
ዘግይቼ ነው የገባሁት ይቅርታ። የኔዋ ብሉ ጄይ ደግሞ የቤቱን ነጭ ቀለም እየላጠች ትበላለች!! መስኮቱ ዳር በመንቁሯ ቀጭ ቀጭ፣ ባለቤቴ እንጨት በል ምስጥ ገባ ብሎ ሰው ሊጠራ ነበር። አብዳለች?

ጋሽ_ባይኖክላር
ሀና ካልሲየም ፈልጋ ነው። የቤት ቀለም ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት አለ፣ በኒው ኢንግላንድ በኩል ይሄ ነገር በተደጋጋሚ ይታያል፣ በተለይ ነጣ ያለ ቀለም ላይ። የእንቁላል ቅርፊት ስጪያት፣ ኦቨን ውስጥ 250 ፋራናይት ላይ 20 ደቂቃ አድርቀሽ፣ ደቁሰሽ፣ ትሪው ላይ በትኝ። ቀለሙን ትተወዋለች። ቤትሽ ከ1978 በፊት የተሰራ ከሆነ ግን የድሮው ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል፣ ለወፏ ሳይሆን ለልጆች ብለሽ አስመርምሪው፣ የሚረግፈውን ፍርፋሪ በእጅ አትልቀሙት።

ሀና_ቦስተን
ቤቱ 1920ዎቹ ነው 😳 ነገውኑ አስመረምራለሁ። ለቅርፊቱም አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ዶሮ ወጥ ቤታችን የማይጠፋ ስለሆነ ቅርፊት አይቸግረንም።